ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ካርቶኑን ሳይሆን ጎኑን አንብቡ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አንድ ሱቅ ገብቼ 750 ዋት የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለውን ሳጥን) አነሳሁ። በጣም ቀለለኝ፤ ባዶ ቆርቆሮ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ገልበጥ አድርጌ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ሳየው፣ +12 ቮልት ከሚለው ሥር 25 አምፔር ይላል። 12 ሲባዛ በ25፣ 300 ዋት! ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በዋናነት የሚበሉት ደግሞ ከዚችው መስመር ነው። የቀረው ለካርቶን ማድመቂያ ነው በሉት። የምር 750 ዋት የሆነ ዕቃ እዚያ ቦታ ላይ 60 አምፔር ገደማ ያሳያል።

ደግሞ ሁሉም ሰው 750 ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ለአርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ ራሱ የሚመክረው 550 ዋት ነው። ለጽሕፈት ሥራ ብቻ ከሆነማ ትልቅ ዋት ፍለጋ መንከራተት ብር ማባከን ነው። ከፍ ያለ ዋት ስለገዛችሁ ግን ቆጣሪው አይሮጥም፤ ኮምፒውተሩ የሚስበው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው።

80 ፕላስ የሚል፣ ኃይል ብዙ እንደማያባክን የሚመሰክር ምልክት ካለው ጥሩ። ግን ምልክትም ይኮረጃልና በእጃችሁ መዘን አድርጉት። መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከዚህ ዋት አያድንም።