የዌብ ሰርቨርን ፍጥነት ማሻሻል፦ ምን ይለካል፣ ምን ይስተካከላል

ድረ ገጽ ሲዘገይ ብዙዎች በቅድሚያ የሚከፍቱት የቅንብር ፋይሉን ነው። ከሌላ ቦታ የተቀዱ ቁጥሮች ይገባሉ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ ይነሣል፣ ገጹ ግን እንደ ቀድሞው ይንፏቀቃል፤ ምክንያቱም ጊዜው የት እንደሚባክን አልታወቀም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ይለኩ፦ ዲስክ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ምስል ለመምጣት የሚፈጅበትን ጊዜ፣ እንዲሁም በፕሮግራም ተሰናድቶ የሚቀርብ ገጽ የመጀመሪያው ባይት እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜ። ምስሉ ወዲያው ደርሶ ገጹ ከዘገየ ችግሩ ያለው በዌብ ሰርቨሩ ሳይሆን በፕሮግራሙ ወይም በዳታቤዙ ላይ ነው፤ ሁለቱም እኩል ከዘገዩ ግን ኔትወርኩን፣ የሰርቨሩን ርቀት ወይም የማሽኑን መጨናነቅ መመርመር ይገባል። ከርል የተባለው መሣሪያ የዶሜይን ስም ፍለጋው፣ ግንኙነቱ፣ የቲኤልኤስ (ግንኙነቱን የሚመሰጥረው ፕሮቶኮል) ድርድሩና የመጀመሪያው ባይት እያንዳንዳቸው የወሰዱትን ጊዜ ለይቶ ያሳያል። ልኬቱ ከሰርቨሩ ውጪ ካለ ኮምፒውተር፣ በተለያየ ሰዓት ተደጋግሞ ይወሰድ። ጉግል የሚመክረው የመጀመሪያው ባይት በ0.8 ሰከንድ ውስጥ እንዲደርስ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሚወስድ ገጽ በእርግጥ ሥራ ይጠብቀዋል።

ማስተካከል ሲጀምሩ የነባሩን ፋይል ቅጂ ያስቀምጡና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ አምስት ነገር አብሮ ተቀይሮ ፍጥነት ቢጨምር የትኛው እንደጠቀመ፣ ቢቀንስም የትኛው እንደጎዳ ማወቅ አይቻልም። ኤንጂንኤክስም ሆነ አፓቼ የተባሉት የዌብ ሰርቨር ፕሮግራሞች ቅንብሩ ስህተት እንዳለበትና እንደሌለበት የሚፈትሽ ትእዛዝ አላቸው፤ ያንን ሳያስኬዱ ለውጥ ማስገባት ድረ ገጹን ማቋረጥ ሊያስከትል ይችላል። ፍተሻው ካለፈ በኋላ «ሪስታርት» ከማድረግ «ሪሎድ» ማድረግ ይመረጣል፤ በመስተናገድ ላይ ያሉ ጎብኚዎች ሳይቋረጡ አዲሱ ቅንብር ይገባልና።

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚቀድመው የሚሞሪ ሒሳብ ነው። ሚሞሪ ሲያልቅ ሊኑክስ መረጃውን ስዋፕ ወደሚባለው የዲስክ ክፍል ማዛወር ይጀምራል፤ ዲስክ ደግሞ ከሚሞሪ እጅግ የዘገየ በመሆኑ ሁሉም ነገር አብሮ ይጎተታል፣ ሁኔታው ከባሰም ከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ብዙ ሚሞሪ የያዘውን ፕሮግራም፣ አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙን፣ በኃይል ያስቆማል። ፒኤችፒ ኤፍፒኤም፣ ማለትም በፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፉ ገጾችን የሚያሰናዱትን ፕሮሰሶች የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ በሚሠራበት ሰርቨር ይህን የሚወስነው በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ፕሮሰሶች ብዛት የሚገድበው «ማክስ ቺልድረን» የተባለው ቁጥር ነው። ለምሳሌ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ባለው ማሽን ላይ ለስርዓተ ክወናውና ለዌብ ሰርቨሩ ግማሽ ጊጋባይት፣ ለዳታቤዙ 1.5 ጊጋባይት ተይዞ 2 ጊጋባይት ቢተርፍና አንዱ የፒኤችፒ ፕሮሰስ በአማካይ 60 ሜጋባይት ቢወስድ፣ የሚቻለው ቁጥር 33 ገደማ ነው፤ መጠባበቂያ ትተው 28 ላይ ቢያቆሙት ይሻላል። ይህን ቁጥር 200 ማድረግ ሰርቨሩን አያፈጥነውም፤ ጭነት ሲበዛ የሚወድቅበትን ሰዓት ያቀርበዋል እንጂ። በጥቂቱ ተራ የሚጠብቅ ጎብኚ ገጹን ያገኛል፣ በስዋፕ የታነቀ ሰርቨር ግን ለማንም ምላሽ አይሰጥም።

በአፓቼም ሒሳቡ ያው ነው። «ፕሪፎርክ» በተባለው አሠራር እያንዳንዱ ግንኙነት፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውም ጭምር፣ አንድ ሙሉ ፕሮሰስ ይዞ ይቆያል። በ2012 ከወጣው አፓቼ 2.4 ጀምሮ አስተማማኝ የሆነው «ኢቨንት» አሠራር ሥራ የፈቱ ግንኙነቶችን ለብቻው ስለሚጠብቅ፣ ፒኤችፒን በአፓቼ ውስጥ ከማስኬድ ወደ ኤፍፒኤም አውጥቶ «ኢቨንት»ን መጠቀም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ኤንጂንኤክስ በ2004 ለሕዝብ ሲቀርብ ከመነሻው በዚህ ዓይነት አሠራር የተገነባ ነው። በእርሱ ላይ «ወርከር ፕሮሰስስ» የሚለውን «አውቶ» ማለት በፕሮሰሰሩ ኮር ልክ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ 512 ሆኖ የሚመጣውን «ወርከር ኮኔክሽንስ» ሲያሳድጉ ደግሞ በሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ 1024 የሆነውን የክፍት ፋይሎች ገደብ አብረው ያሳድጉ፤ አለበለዚያ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ አለመሥራት ነው፤ ይህም ካሽ ይባላል። ከ2013ቱ ፒኤችፒ 5.5 ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ኦፕካሽ ኮዱ በየጥያቄው እንደገና እንዳይተረጎም ስለሚያደርግ፣ ጠፍቶ ከሆነ ዛሬውኑ ያብሩት። ከዚያ ከፍ ሲል ኤንጂንኤክስ ራሱ የተዘጋጀውን ገጽ አስቀምጦ ፕሮግራሙን ሳይጠራ ማቅረብ ይችላል። የማስቀመጫው ጊዜ አንድ ሰከንድ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በሰከንድ 200 ጊዜ የሚጠየቅ ገጽ ከ200 ጊዜ ይልቅ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ይሰናዳል፤ ለዚህም ብዙ ጥያቄዎች በአንድ ላይ ሲመጡ አንዱ ብቻ ወደ ፕሮግራሙ እንዲያልፍ የሚያደርገውን «ካሽ ሎክ» ማብራት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የግድ ነው። በይለፍ ቃል የገባ ሰው ገጽ ከተቀመጠ የአንዱ የግል መረጃ ለሌላው ሊታይ ይችላል፤ ስለሆነም የመግቢያ ኩኪ ይዘው የሚመጡ ጥያቄዎች፣ የክፍያና የአስተዳደር ገጾች ከካሹ ውጪ እንዲሆኑ በግልጽ ይደንግጉ፤ ሥራ ላይ ከማዋልዎ በፊትም በሁለት የተለያዩ አካውንቶች ገብተው ይፈትሹ።

በብሮውዘር በኩል ለምስሎች፣ ለሲኤስኤስና ለጃቫስክሪፕት ፋይሎች የአንድ ዓመት ዕድሜ፣ ማለትም 31536000 ሰከንድ፣ መስጠት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ፋይሉ በተለወጠ ቁጥር ስሙም መለወጥ አለበት፣ አለዚያ ጎብኚው አሮጌውን ይዞ ይቆያል። ለኤችቲኤምኤል ገጹ «ኖ ካሽ» ቢባል ይመረጣል፤ ይህም ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን ገጽ ከመጠቀሙ በፊት ሰርቨሩን እንዲጠይቅ ያዝዘዋል፣ ለውጥ ከሌለም ሰርቨሩ ገጹን እንደገና ሳይልክ 304 የሚል አጭር ምላሽ ብቻ ይመልሳል።

መዘግየቱ ዳታቤዝ ላይ ከሆነ የዘገዩ ጥያቄዎችን መዝገብ ይክፈቱ። ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ መዝገቡ ሲበራ ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጁትን ብቻ የሚይዝ በመሆኑ ወደ 1 ሰከንድ ዝቅ ያድርጉት፤ ተደጋግሞ የሚታየውን ጥያቄ ይዘው የጎደለ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) እንዳለ ይመርምሩ። ከዚያም ዳታቤዙ መረጃውን በሚሞሪ ላይ የሚያቆይበት የኢኖዲቢ «በፈር ፑል» መጠን ይታይ፤ ሳይነካ ሲቀር 128 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን፣ ብዙ መረጃ ላለው ድረ ገጽ ያንሳል፤ የሚጨመረው ግን ቀደም ሲል በተሠራው የሚሞሪ ሒሳብ ውስጥ ተካቶ ነው።

የጽሑፍ ፋይሎችን በጂዚፕ መጭመቅ ቀላልና ውጤታማ ነው። ኤንጂንኤክስ መጭመቂያው ሲበራ ኤችቲኤምኤልን ብቻ ስለሚጨምቅ፣ ሲኤስኤስን፣ ጃቫስክሪፕትን፣ ጄሰንንና ኤስቪጂን በዝርዝሩ ያክሉ፤ ከ1 እስከ 9 ካሉት ደረጃዎች 5 አካባቢ ያለው ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ፕሮሰሰሩ ይደክማል እንጂ መጠኑ እምብዛም አይቀንስም። ጄፔግና ቪዲዮ ቀድሞውኑ የተጨመቁ ስለሆኑ አይንኳቸው።

በመጨረሻ የግንኙነቱ ፕሮቶኮሎች አሉ። በ2018 የጸደቀው ቲኤልኤስ 1.3 ድርድሩን ከሁለት ምልልስ ወደ አንድ ስለሚያሳጥር፣ ከሰርቨሩ ርቀው ላሉ ጎብኚዎች ልዩነቱ ይታወቃል። ድረ ገጾች ከሚተላለፉባቸው ፕሮቶኮሎች ኤችቲቲፒ 2 ብዙ ፋይሎችን በአንድ ግንኙነት ያስተላልፋል፤ ኤችቲቲፒ 3 ደግሞ የቀደሙት በሚጠቀሙበት ቲሲፒ ሳይሆን ዩዲፒ በተባለው ሌላ የመረጃ ማስተላለፊያ ስልት ላይ ስለሚሠራ፣ ካበሩት በኋላ ፋየርዎሉ የ443 ፖርትን ለቲሲፒ ብቻ ሳይሆን ለዩዲፒም መክፈቱን ያረጋግጡ። ካልተከፈተ ብሮውዘሩ በዝምታ ወደ ቀደመው ፕሮቶኮል ስለሚመለስ ጉድለቱ በቀላሉ አይታይም።