የናፍጣ ፒካፕ ዘይትና ውሃ እንዴት ይፈተሻል? ከጎንደር ለሚነሳ ሹፌር

ከጎንደር የሚወጣ ፒካፕ ቀላል መንገድ አይጠብቀውም። በአዘዞ ዞሮ ወደ መተማ ከወረደ ቆላው፣ ሙቀቱና አቧራው አለ። በደባርቅ በኩል ከሄደ ደግሞ ጠመዝማዛው የሊማሊሞ ቁልቁለት አለ። በሁለቱም በኩል የሞተር ዘይቱ፣ የራዲያተር ውሃውና የፍሬን ዘይቱ ክፉኛ ይፈተናሉ። ስለዚህ ፍተሻው ከቤት ሳይወጡ ማለቅ አለበት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ዘይት ወይም ውሃ ጎድሎ ሲያገኝ ሞልቶ ይሄዳል። መሙላቱ ጥሩ ነው። ግን የጎደለው የት ሄደ? ወይ ፈሷል፣ ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ የማይገባበት ቦታ ገብቷል። ይህን ሳያውቁ መሙላት ጉዳቱን መደበቅ ነው።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ነጭ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ ክዳን ያለው ንጹህ ብርጭቆ፣ ነጭ ወፍራም ወረቀት፣ መፍቻ እና አንድ ትልቅ ካርቶን።

ማታ፦ ካርቶኑን አንጥፉ

መኪናውን ስታሳድሩ ካርቶኑን ከሞተሩ ስር ዘርጉት። ጠዋት ጠብታ ካለ ቀለሙን እዩ። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የመሪ ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው ኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ነው። ከጎማ ጀርባ የወረደ፣ ቀጠን ያለና የሚያሙለጨልጭ ከሆነ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናው ሳይታይ አይንቀሳቀስ። ኤር ኮንዲሽን ስትጠቀሙ አምሽታችሁ ከሆነ ንጹህ ውሃ መንጠባጠቡ ችግር የለውም።

ኩላንት መርዝ ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ሕፃንም ሊቀምሰው ይችላል። የፈሰሰውን ወዲያው እጠቡት።

ጠዋት፦ የሞተር ዘይት

መኪናው ሜዳ ላይ መቆም አለበት። ጎንደር ውስጥ ይህ ራሱ ሥራ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ተዳፋት ላይ የታየ ልክ ግን ያሳስታል። ስለዚህ ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። ሞተሩ ሲሠራ ከነበረ አጥፍታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡ፣ በነጩ ጨርቅ ጥረጉት፣ እስከ መጨረሻው መልሳችሁ አስገቡትና እንደገና አውጡት። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ብሎ መሆን አለበት። ከላይኛው ምልክት ማለፍም ጉዳት ነው። ዘይቱ አረፋ ይሠራል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግዱትን ጎማዎች ገፍቶ ይወጣል።

አሁን ጨርቁን እዩት። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቁራል። ጥላሸቱን ይዞ መዞር ሥራው ስለሆነ ጥቁረቱ ብቻውን አያስደነግጥም። የሚያስደነግጡት ሌሎች ናቸው። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ሞተሩን አታስነሱ፣ መካኒክ ጥሩ። ሳትጨምሩበት መጠኑ ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ደግሞ ናፍጣ እየወረደበት ነው። ይህን ብዙ ሰው «ዘይቴ አይጎድልም» ብሎ ይደሰትበታል፤ እውነቱ ግን ዘይቱ እየቀጠነ ሞተሩን እየበላው ነው።

ከዓይን የተሻለ ፍተሻ ከፈለጋችሁ የወረቀቱን ሞክሩ። ሞተሩ ሞቅ ካለ በኋላ ከመለኪያው ጫፍ አንድ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ጣሉ። ወረቀቱ ስሩ ምንም ሳይነካው ጠፍጣፋ ሆኖ ይደር። በነጋታው ጥቁሩ በሰፊው ተሰራጭቶ ወደ ጠርዙ እየሳሳ ከሄደ ዘይቱ ገና አቅም አለው። ጥቁሩ መሐል ላይ ተከማችቶ፣ ዙሪያው በስለት የተቆረጠ ይመስል ከተለየ ጥላሸቱን መሸከም አቅቶታል፤ ቀይሩት። በውጭ በኩል ሰፊ ፈዛዛ ቀለበት ከታየ ናፍጣ መግባቱን ጠርጥሩ። ይህ የላቦራቶሪን ያህል አይደለም፤ ነገር ግን በየጊዜው ወረቀቶቹን ቀን ጽፋችሁበት ካስቀመጣችሁ ለውጡ ራሱ ይናገራል።

የምትሞሉትን ዘይት ዓይነት የሚወስነው የመኪናው መመሪያ ነው። ብዙ የቆዩ የናፍጣ ፒካፖች 15ደብልዩ-40 የሚባለውን የውፍረት ደረጃ ይጠቀማሉ። አቧራ፣ ጭነትና ዳገት የሚበዛበት መኪና ዘይቱን ቶሎ መቀየር አለበት። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከፊልትሮው ጋር መቀየር ለእንዲህ ያለ ሥራ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ራዲያተር፦ ከፍታው የሚያመጣው ጉዳይ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 አካባቢ ይፈላል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ የሚሠራው በ80ዎቹና በ90ዎቹ ዲግሪ ነው። ልዩነቱ በጣም ጠባብ ነው። የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ግፊት ይዞ ስለሚቆይ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል። ውሃው ሙሉ ሆኖ ዳገት ላይ የሚያፈላ መኪና ካላችሁ ሌላውን ሁሉ ከመፍታታችሁ በፊት ክዳኑን ተጠራጠሩ። ስትገዙም ክዳኑ ላይ ያለው የግፊት ቁጥር (0.9 ወይም 1.1 ይሆናል) ከመጀመሪያው ጋር አንድ ይሁን።

«እዚህ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ይገጥማችኋል። ኩላንት ከበረዶ መከላከያነቱ ሌላ ዝገት ይከለክላል፣ የመፍያ ነጥብም ይጨምራል። የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚጠጣ ራዲያተር ውስጡ ይዝጋል፣ ድንጋያማ ዝቃጭ ይይዛል። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ዲስቲልድ ውሃ ይሁን። የተለያየ ዓይነት ኩላንት አትቀላቅሉ። ቀለማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ዓይነታቸው አንድ ነው ማለትም አይደለም።

ፍተሻው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። የሞቀ ክዳን መክፈት ፊት ያቃጥላል፤ ይህን ሕግ ማንም ለምን ይቸኩልበታል? ክዳኑን ከፍታችሁ ቀለሙን እዩ። የዝገት ቀለም ካለው መታጠብ አለበት። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ የቴስታታው ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ መኪና ይዞ ወደ መተማ መውረድ አይገባም።

ናፍጣ፦ ውሃውን አውጡ

ናፍጣ ውስጥ ውሃ የሚገባው በብዙ መንገድ ነው። ከበርሜልና ከጀሪካን ይመጣል። ግማሽ ሆኖ ያደረ ታንከር ውስጥ ሌሊት ሲቀዘቅዝም እርጥበት ይጠራቀማል። ኮመን ሬይል የሚባለው አዲሱ ሞተር ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል። ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ነው። ውሃ ሲገባበት ፖምፓውና ኢንጀክተሩ ይበላሉ፤ ዋጋቸውን የጠየቀ ሁሉ ያውቀዋል።

የናፍጣ ፊልትሮው ስር አንድ ማፍሰሻ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ብርጭቆውን ከስሩ ያዙ። ማፍሰሻውን ትንሽ ላላ አድርጉ፣ ከፊልትሮው በላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ጫን ጫን አድርጉ። ግማሽ ብርጭቆ ሲሞላ ዝጉና ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከስር ይቀመጣል፣ ናፍጣው ከላይ ይሆናል። ውሃ የሌለው ናፍጣ እስኪመጣ ድገሙት። ማፍሰሻውን አጥብቁ፣ የእጅ ፖምፓውን እስኪከብድ ድረስ ጫኑ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሱ። በክረምት ወራት በየሁለት ሳምንቱ አድርጉት። ዳሽቦርድ ላይ የፊልትሮው መብራት ከበራማ የትም ይሁን ቆማችሁ አውጡ።

ፍሬንና ፍሪሲዮን

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ንጹህ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ሲይዝ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሊማሊሞን ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ያልፋል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። ስለዚህ በየ2 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ውረዱት።

የፍሬን ዘይቱ መጠን ቀስ በቀስ ከወረደ የፍሬን ሸራው እየሳሳ ሊሆን ይችላል፤ በድንገት ከወረደ ፍሳሽ አለ። ከተከፈተ ወራት ያስቆጠረ ጠርሙስ አትጠቀሙ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በውሃ እጠቡት፣ ይልጠዋል። ብዙ ፒካፖች ላይ ፍሪሲዮኑም (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው) በዚሁ ዓይነት ዘይት ነው የሚሠራው።

ካምቢዮና ዲፈረንሻል

ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው) የየራሳቸው ዘይት አላቸው። ዘይቱን ስትቀይሩ መጀመሪያ የመሙያውን ብሎን ፍቱ፣ ከዚያ የማፍሰሻውን። መሙያው አልፈታ ቢል ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መኪናው ባዶ ሆኖ ይቆማል። ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ ከንፈር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ጣት አስገብታችሁ እዩት። ወንዝ ያቋረጠ መኪና ዲፈረንሻሉ ውሃ ሊስብ ይችላልና ዘይቱ ከነጣ ቀይሩት። የዲፈረንሻልን ጂኤል-5 ዘይት መመሪያው ካልፈቀደ ካምቢዮ ውስጥ አትጨምሩ፤ አንዳንዱ የካምቢዮን የነሐስ ቀለበቶች ይጎዳል።

የመሪ ዘይትን መጠን በምልክቱ እዩ። የባትሪ ክዳን የሚከፈት ከሆነ ውሃው ሳህኖቹን መሸፈን አለበት፤ የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው።

የተቀየረውን አሮጌ ዘይት በጀሪካን ሰብስቡና አሮጌ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ስጡ። ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፤ የአንገረብ ግድብ ውሃ ደግሞ ለጎንደር ሕዝብ መጠጥ ነው።