አሮጌ ሞተር ሳይክል እሳት ሲያጣ

በክረምት ጠዋት ደሴ ላይ ፔዳሉ ቢረገጥ ቢረገጥ አልነሳ የሚል አሮጌ ሞተር ሳይክል ሲያጋጥም፣ ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ከመፍታት በፊት እሳት፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ መኖሩን ማረጋገጥ ይቀድማል። ብልጭታውን የሚሰጠው ካንዴላ ተፈትቶ ካፑ (የሽቦው ጫፍ ላይ ያለው ክዳን) ላይ እንደተሰካ፣ የብረት አካሉን የሞተሩን ራስ አስነክቶ፣ ከቤንዚንና ከካንዴላው ቀዳዳ አርቆ እጀታው በተሸፈነ ፒንሳ መያዝ ያስፈልጋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሰማያዊና ጠንካራ እሳት ከታየ ጥርጣሬው ወደ ነዳጅ ይዞራል።

የካንዴላው ጫፍ ቀለም ብዙ ይናገራል። ፈዛዛ ቡናማ ጤነኛ ነው፤ እርጥብና ቅባታም ጥቁር ዘይት መግባቱን ያሳያል፤ ደረቅ ጥቀርሻ ደግሞ ቤንዚን መብዛቱን ስለሚያመለክት፣ ለኮምቦልቻ የተስተካከለ ካርቡሬተር አየሩ በሚሳሳባት ደጋዋ ደሴ ካንዴላ ቢያጠቁር አያስገርምም። ብልጭታው የሚዘልበት የካንዴላው ጫፍ ክፍተት በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ነው።

አዲስ ካንዴላም እሳት ካልሰጠ፣ እርጥበት የሚደበቅበትን ካፕ ማድረቅና የሞተሩ ማጥፊያ ቁልፍ ሳይታወቅ ተዘግቶ እንደሆነ ማየት ይገባል፤ ይህ ቀላል ነገር ስንቱን ጋራዥ አስኪዷል! በፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እያገናኘና እያቋረጠ እሳት በሚያስነሳ መገናኛ) የሚሠሩ ሞተሮች ላይ የጠቆረውን ገጽ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ፣ ክፍተቱን ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ ግን ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚከላከለው ኮንደንሰር ይቀየር። ሞተሩ ሲግል ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ፣ እንደ እኔ ግምት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ፣ ኮይሉ፣ ነው።