ለካርቦን መያዣ ፕሌት ሙቀት መለዋወጫ ስትመርጡ እነዚህን ተጠንቀቁ

ከጭስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚይዝ የአሚን ፋብሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ (አሚን የሚባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዝ ኬሚካል በውሃ ተበጥብጦ) ቀን ከሌት ይመላለሳል። መምጠጫው ማማ ውስጥ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ካርቦኑን ይጠጣል፣ መልቀቂያው ማማ ውስጥ ደግሞ 120 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ ይተፋዋል። ሂያጁና ተመላሹ መሃል ላይ ሙቀት የሚቀባበሉት በፕሌት መለዋወጫ፣ ማለትም በተደረደሩ ስስ የብረት ሳህኖች ነው። ትንሽ ቦታ ትይዛለች፣ ብዙ ታሻግራለች። ጣጣው የሚመጣው እንደ ድሮው ትልቅ የቱቦ መለዋወጫ ስናስባት ነው።

መጀመሪያ፣ ለግዢው ተብሎ የሚደረግ ቁጠባ። በሁለቱ ፈሳሾች መካከል 10 ዲግሪ ልዩነት ቢቀር ምን ይጎዳል ይባላል። እስቲ እናስላው፦ በተለመደው አሚን፣ 30 በመቶ ሞኖኤታኖላሚን ባለው ፈሳሽ፣ 1 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመያዝ ወደ 18 ቶን ገደማ ፈሳሽ ይዞራል፤ ስለዚህ ሳትመለስ የቀረችው እያንዳንዷ ዲግሪ 0.07 ጊጋጁል ያህል ትበላለች። ከ10 ወደ 5 ብትወርዱ 0.35 ጊጋጁል አተረፋችሁ ማለት ነው። ጠቅላላው የእንፋሎት ፍጆታ 3.5 ጊጋጁል ገደማ ሲሆን ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። «ለክፉ ቀን ይሆናል» ብሎ ለቆሻሻ የሚሆን ትርፍ ስፋት መጨመር። ለቱቦ የተሠራውን የቆሻሻ ሰንጠረዥ እዚህ አምጥታችሁ ከተጠቀማችሁ ፕሌቱ ይበዛል፣ በየመተላለፊያው ያለው ፍጥነት ይወድቃል፣ ግድግዳውን አጥቦ የሚያነጻው ፍሰት ይጠፋል፤ በፈራችሁት ቆሻሻ ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ እኔ ግን ዋናው እሱ ነው እላለሁ። ካርቦን የጠገበው ፈሳሽ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ለስላሳ ነው፤ ሞቆ ግፊቱ ከቀነሰ ይፈላል። መቆጣጠሪያ ቫልቩን ከመለዋወጫው በፊት ካስቀመጣችሁት ጋዙ እዚያው ፕሌቶቹ መሃል ይወጣል፤ ያኔ ፍሰቱ እኩል አይከፋፈልም፣ ብረቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይቦረቦራል፣ ሙቀቱም በስሌቱ መሠረት አይሻገርም። ቫልቩ ከመለዋወጫው በኋላ፣ መልቀቂያው ማማ አፍ አጠገብ ይሁን። ፓምፑም ያንን ግፊት የሚችል ይሁን።

ማጣሪያውን መርሳትና አንድ መለዋወጫ ብቻ መትከልስ? ካናዳ ሳስካችዋን ውስጥ ያለው ባውንደሪ ዳም፣ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ካርቦን መያዝ የጀመረው የከሰል ማመንጫ፣ ብናኝ አመድ ወደ አሚኑ እየገባ አስቸግሮታል። በ2017 ለመለዋወጫዎቹ ተጠባባቂና መዝጊያ ቫልቭ ተጨመረላቸው፤ አሁን አንዱን ዘግቶ ማጠብ ይቻላል፣ ፋብሪካው ሳይቆም። ይሄን በመጀመሪያው ሥዕል ላይ አስገቡት፣ በኋላ ቧንቧ መቁረጥ ውድ ነው።

ጋስኬት (በፕሌቶቹ መሃል ፈሳሹ እንዳያፈስ የሚያሽገው)፦ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ አሚንን ይችላል፣ ዘይት ሲነካው ግን ያብጣል። ከፓምፕም ይሁን ከሌላ የሚገባ ዘይት ካለ ለሻጩ ቀድማችሁ ንገሩት። ጋስኬት የሌለውን፣ የተበየደውን ከመረጣችሁ ደግሞ ፈትቶ መቦረሽ የለም፤ ማጠቢያ ኬሚካሉንና የሚገባበትን ቧንቧ ከግዢው ጋር አብራችሁ እዘዙ።