በእንግሊዝ አገር የፕላን ፈቃድን በፍርድ ቤት ለመሞገት፦ ባሪስተር (በፍርድ ቤት የሚከራከር ጠበቃ) ከማነጋገርዎ በፊት የሚሠራ ሥራ

በእንግሊዝ አገር ከመኖሪያዎ አጠገብ ሊሠራ ለታሰበ ነገር ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የፕላን ፈቃድ ሰጥቶ ከሆነና ውሳኔው ሕግን የጣሰ ከመሰለዎት፣ መጀመሪያ በእጅዎ ሊገባ የሚገባው ወረቀት የውሳኔ ማስታወቂያው ነው። ከወረቀቱ ላይም አስቀድመው የሚፈልጉት ቀኑን ነው። የሚቆጠረው የካውንስሉ ኮሚቴ ድምፅ የሰጠበት ምሽት ሳይሆን ፈቃዱ በጽሑፍ የወጣበት ዕለት መሆኑን በወቅቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ2002 በበርኬት ጉዳይ ወስኗል። (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ዕለት በኋላ ያለዎት ስድስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ማርች 3 ቀን ለተሰጠ ፈቃድ የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 14 ነው ማለት ነው። እስከ 2013 ድረስ ገደቡ ሦስት ወር ስለነበር፣ የቆየ ምክር ይዘው የሚመጡ ሰዎች ዛሬም በዚህ ይሳሳታሉ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ውሳኔውን የሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። ፈቃዱን የሰጠው ካውንስሉ ራሱ ከሆነ መንገዱ የፍርድ ቤት ክለሳ፣ ማለትም ዳኛ የውሳኔውን ሕጋዊነት የሚመረምርበት ክስ ነው። ጉዳዩ በይግባኝ ሄዶ ውሳኔውን የሰጠው ኢንስፔክተር (የፕላን ይግባኝ የሚያይ የመንግሥት ባለሥልጣን) ወይም ሚኒስትሩ ከሆነ ግን አቤቱታው የሚቀርበው በ1990 የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ አንቀጽ 288 መሠረት ነው። በሁለቱም ጊዜው ስድስት ሳምንት ሲሆን ልዩነቱ ጊዜው ካለፈ በኋላ ይታያል፤ በመጀመሪያው ፍርድ ቤቱ እጅግ አልፎ አልፎ ጊዜ ሊያራዝም ይችላል፣ በሁለተኛው ግን ማራዘም የሚባል ነገር የለም። ለማራዘሙ ምሳሌ የሚጠቀሰው የዊራል ካውንስል ጉዳይ ነው፤ ካውንስሉ ሊጥላቸው የወሰናቸውን ገደቦች በስሕተት ሳያካትት ፈቃዱን በማውጣቱ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ዘግይቶ የቀረበ ክስ ተቀባይነት አግኝቶ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2019 አጽንቶታል። እንዲህ ያለው ነገር የሚገኘው አንዴ ስለሆነ ማንም ተስፋውን እንዳይጥልበት እመክራለሁ።

ቀኑንና መንገዱን ካወቁ በኋላ ዋናው ሥራ የፕላን ሠራተኛው ለኮሚቴው ያቀረበውን ሪፖርት ማንበብ ነው። ፍርድ ቤቱ ሕንፃው ያምራል ወይም መንገዱን ያጨናንቃል ብሎ አይፈርድም፤ የሚያየው ውሳኔው በሕጉ መሠረት መሰጠቱን ነው። በ2017 የማንሴል ጉዳይ ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እንዳስቀመጠው፣ ሪፖርቱ የሚነበበው በቅን መንፈስ እንጂ ነቁጥ በመልቀም አይደለም፤ ጥያቄው የኮሚቴውን አባላት በወሳኝ ነጥብ ላይ አሳስቷል ወይ የሚል ነው። ስለዚህ እርሳስ ይዘው ሲያነቡ የሚያስቆጣዎትን ሁሉ ሳይሆን፣ «ይህን መመልከት አያስፈልግም» ወይም «ይህ ከግምገማው ወሰን ውጭ ነው» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮችን ያስምሩ።

የዚህ ዓይነቱ አንድ ሐሳብ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ያሳየው የፊንች ጉዳይ ነው። የሰሬ ካውንቲ ካውንስል በ2019 ሆርስ ሂል በተባለ ቦታ ለነዳጅ ማውጫ ፈቃድ ሲሰጥ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ያሰላው ከቦታው የሚወጣውን የሙቀት አማቂ ጋዝ ብቻ ነበር፤ ነዳጁ ተጣርቶ ሲቃጠል የሚወጣው ከስሌቱ ውጭ ሆነ። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ይግባኝ ሰሚውም ካውንስሉን ደገፉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ጁን 20 ቀን 2024 ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ፣ የወጣው ነዳጅ መቃጠሉ የማይቀር ስለሆነ የቃጠሎው ጋዝም የፕሮጀክቱ ውጤት ነው በማለት ፈቃዱ ሕገ ወጥ መሆኑን ፈረደ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2024፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህንኑ ፍርድ ተከትሎ ሚኒስትሩ ለዋይትሄቨን የድንጋይ ከሰል ማዕድን የሰጡትን ፈቃድ ሻረ።

ይሁን እንጂ ፊንችን መጥቀስ ብቻውን ክስ አያቆምም። ፍርዱ ካውንስሉ ፈቃዱን ጨርሶ መስጠት አይችልም አላለም፤ ከመስጠቱ በፊት ውጤቱን ሊገመግመውና ለሕዝብ ሊገልጸው ይገባል ነው ያለው። የእርስዎ ጉዳይ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የማያስፈልገው ተራ የመኖሪያ ግንባታ ከሆነ ፍርዱ ብዙም አይጠቅምዎትም።

በብዝኃ ሕይወት ሕጉ ላይ ደግሞ ሌላ ስሕተት በተደጋጋሚ ይታያል። በ2021 የአካባቢ ሕግ መሠረት ከፌብሩዋሪ 12 ቀን 2024 ጀምሮ ማመልከቻ የቀረበባቸው ትልልቅ ልማቶች፣ ከኤፕሪል 2 ጀምሮ ደግሞ ትንንሾቹ፣ ከጥቂት የተለዩ ጉዳዮች በስተቀር ከግንባታው በፊት ከነበረው ቢያንስ 10 በመቶ የብዝኃ ሕይወት ጭማሪ ማስገኘት አለባቸው። ተቃዋሚዎች የጭማሪው ዕቅድ ሳይጸድቅ ፈቃዱ ተሰጠ ብለው ይከሳሉ፤ ነገር ግን ሕጉ ራሱ ዕቅዱ ከፈቃዱ በኋላ፣ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት እንዲጸድቅ ስለደነገገ ይህ ክርክር ከመነሻው ይወድቃል።

የባሪስተሮች ቻምበሮች አዳዲስ ፍርዶችን እያጠቃለሉ ያወጣሉ፤ ጠቃሚ ነው፣ ግን ጸሐፊው በጉዳዩ ለየትኛው ወገን እንደቆመ አይተው ያንብቡት፤ ፍርዱንም ራሱን ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት የፍርድ ማኅደር በነጻ ያግኙት። ቻምበር አንድ ድርጅት ሳይሆን በየራሳቸው የሚሠሩ ባሪስተሮች የጋራ ቢሮ ስለሆነ፣ ከዚያው ቢሮ አንዱ ለእርስዎ ሌላው ለካውንስሉ ቢከራከር አይደንግጡ። ለቀጥታ አገልግሎት የተፈቀደለትን ባሪስተር ያለ ሶሊሲተር (ጉዳዩን አዘጋጅቶ ለባሪስተር የሚያቀርብ ጠበቃ) ማነጋገርም ይቻላል። ሲሄዱ የውሳኔ ማስታወቂያውን፣ ሪፖርቱን፣ የጻፉትን ተቃውሞና አንድ ገጽ የቀን ዝርዝር ይዘው ይሂዱ። ለካውንስሉ የሚላከው የቅድመ ክስ ደብዳቤ የስድስት ሳምንቱን ቆጠራ እንደማያቆም አይርሱ።

ስለ ወጪ፣ ጉዳዩ በአርሁስ ስምምነት (ሕዝብ በአካባቢ ጉዳይ ፍትሕ እንዲያገኝ በሚደነግገው ዓለም አቀፍ ውል) የሚሸፈን የአካባቢ ክስ ከሆነ፣ ቢሸነፉ ለተቃራኒ ወገን የሚከፍሉት ለግለሰብ በመደበኛው ቢበዛ 5,000 ፓውንድ፣ ለድርጅት ቢበዛ 10,000 ፓውንድ ነው፤ ካሸነፉ ደግሞ ከተከሳሹ የሚያገኙት እስከ 35,000 ፓውንድ ይደርሳል። ጥበቃው ግን የሚገኘው በክስ ቅጹ ላይ ከተጠየቀና የገንዘብ አቅምን የሚያሳይ መግለጫ አብሮ ከቀረበ ነው፤ ፍርድ ቤቱም ጣሪያውን ሊለውጠው ይችላል።

ክሱ ከገባ በኋላ ዳኛው መጀመሪያ በወረቀት አይቶ ክሱ እንዲቀጥል ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። በክለሳ ጉዳይ፣ ስሕተቱ ባይፈጸምም ውጤቱ በመሠረቱ ያው ይሆን እንደነበር እጅግ የሚገመት ከሆነ መከልከል አለበት፤ ስለዚህ ስሕተቱ ውሳኔውን እንዴት ሊለውጥ ይችል እንደነበር ከመጀመሪያው ገጽ ይጻፉት። ክልከላው ከደረሰዎት በቃል ለመሰማት የሚጠይቁበት ጊዜ ሰባት ቀን ነው፤ ዳኛው ክሱን ፈጽሞ መሠረት የሌለው ካለው ግን ያም ዕድል የለም።