የቆየ የባንክ እዳን መቃወም የብድር ታሪክዎን እንዳይጎዳ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

ጅማ ላይ ቡና መለቀም በሚጀምርበት ሰሞን ለመግዣ የሚሆን ብድር ፈልጎ ባንክ የሚሄድ ነጋዴ፣ ማመልከቻው ከመታየቱ በፊት ያለፈ የብድር ታሪኩ ይታያል። አበዳሪዎች ስለ ተበዳሪዎቻቸው የሚልኩት መረጃ የሚጠራቀመው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ስለሆነ፣ አንድ ባንክ ዘንድ ተከፍሎ አልቋል ተብሎ የተረሳ ብድር ሌላ ባንክ ዘንድ እንዳልተዘጋ ሆኖ ብቅ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለውን እዳ መቃወም በራሱ ታሪክን አያበላሽም። የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የተቃውሞው መንገድ ነው።

በመጀመሪያ ሰነድ ይሰብስቡ። የብድር ውሉን፣ የክፍያ ደረሰኞችን፣ ብድሩ ሲዘጋ የተሰጠ ክሊራንስ (እዳ እንደሌለብዎት የሚገልጽ ደብዳቤ) ካለም እሱን ያግኙ፤ ከዚያም ከቅርንጫፉ የብድር ሂሳቡን ሙሉ ስቴትመንት በጽሑፍ ይጠይቁ። በማሽን የሚታተም ደረሰኝ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቀለሙ እየጠፋ ነጭ ወረቀት ይሆናልና ገና ሲነበብ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ይርጋውን፣ ማለትም ባንኩ ለእዳው ሊከስዎ የሚችልበትን የሕግ የጊዜ ገደብ፣ ያስሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1845 ላይ፣ ሕጉ በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል፤ ጊዜውም መቆጠር የሚጀምረው ክፍያው ከሚጠየቅበት ቀን አንሥቶ ነው። ሆኖም በቁጥር 1851 መሠረት ባለዕዳው እዳውን ካመነ፣ በተለይም ወለድ ወይም ከፊል ክፍያ ከከፈለ፣ ወይም ገንዘብ ጠያቂው ክስ ካቀረበ ይርጋው ይቋረጥና እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። ለምሳሌ የመጨረሻ ክፍያው ጥር 2006 ዓ.ም. ላይ ይከፈል የነበረ ብድር ያለበት ነጋዴ፣ ቀሪው የተጋነነ የቅጣት ወለድ ነው ብሎ እየተከራከረ ሳለ፣ በስልክ ሲወተወት ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ላይ «ለጊዜው ይቺን ያዙልኝ» ብሎ 2,000 ብር ገቢ ቢያደርግ፣ ስድስት ወር ብቻ የቀረው ይርጋ እስከ ሐምሌ 2025 ዓ.ም. ይራዘምበታል። ለይሉኝታ የተከፈለች ገንዘብ ማለት ይህች ናት።

ስለዚህ የተቃውሞ ደብዳቤው ቃላት ይመረጡ። «እዳዬን የምከፍልበት ጊዜ ይሰጠኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር እዳውን ማመን ነው። በዚህ ፈንታ «በስሜ ተመዝግቧል ስለተባለው ብድር ውሉና የክፍያ ዝርዝሩ እንዲሰጠኝ እየጠየቅሁ፣ ይህ ጥያቄ እዳውን እንደማመን እንዳይቆጠርብኝ አሳውቃለሁ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ለቅርንጫፉ መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርገው ለራስዎ ያስቀሩ። መረጃውን የላከው አበዳሪው ስለሆነ እርማቱም የሚጀምረው ከእሱ ነው፤ ስህተቱን ካመነ የተስተካከለው መረጃ ወደ ብሔራዊ ባንክ መላኩን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ።

በአሁኑ ጊዜ እየከፈሉት ያለ ሌላ ብድር ካለ፣ በአሮጌው ተናደው የዚህን ወርሃዊ ክፍያ እንዳያቋርጡ። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ ከተበላሹ ብድሮች ተራ ይመደባል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳዎት ስህተት ሳይሆን እውነተኛ መረጃ ነው።

አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን «ተቃወም፣ ይሰረዝልሃል» የሚሉን ከራሳቸው አገር ሕግ ተነሥተው ነው። እዚያ የብድር መረጃ ድርጅቶች የቀረበላቸውን ተቃውሞ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለባቸው፤ ያልተከፈለ እዳም በአብዛኛው ከ7 ዓመት በኋላ ከመዝገብ ይወጣል፤ ከ300 እስከ 850 የሚደርሰው የብድር ነጥብም ተቃውሞ በመቅረቡ ብቻ አይቀንስም። እነዚህን ቁጥሮች ጅማ ላይ ይዞ መከራከር አያዋጣም። ይርጋ መክሰስን እንጂ መዝገብን አይመለከትም፤ በይርጋ የታገደ እዳ ከብድር ታሪክ በራሱ ይጠፋል ብሎ መጠበቅም ስህተት ነው።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሰዎት ዝም አይበሉ። በቁጥር 1856 መሠረት ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አያነሣም፤ ተከሳሹ ራሱ፣ የመከላከያ መልሱን ሲያቀርብ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት፣ ማለትም ወደ ዋናው ክርክር ከመገባቱ በፊት፣ ሊያነሣው ይገባል። ቤት ወይም መጋዘን በመያዣነት ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ መጥሪያ አይጠብቁ፤ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ እንዲሸጡ ስለሚፈቅድ፣ ማስጠንቀቂያው በእጅዎ በገባ በማግስቱ ውሉን ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ።