ከምግብ በኋላ ስኳር ስንለካ የምንሠራቸው ስህተቶች

በክትትል ቀን ጠዋት ካርዳችንን አስገብተን አግዳሚ ወንበር ላይ ስንደረደር ወሬያችን አንድ ነው። «ስንት ሆነልህ?» «112።» «ጎበዝ!» ሌላው «230» ሲል ሁሉም ከንፈሩን ይመጥጣል። ሰውየው የለካው ከበላ በስንት ሰዓቱ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰዓቱ ያልታወቀ ቁጥር ደግሞ ለደስታም ለሐዘንም አይበቃም።

በባዶ ሆድ ብቻ መለካት

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እኔም ያሳለፍኩት እንዲህ ነው። ጠዋት ስነሣ 115፣ ሲበዛ 120፤ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ (HbA1c) ሲመጣ ግን 8.1 በመቶ፣ ማለትም ከፍ ያለ ሆነ። ሐኪሟ ደብተሬን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ምሳ በልተው ለክተው ያውቃሉ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። በማግስቱ ለካሁ፤ 248። የጠዋቱ ቁጥር በአብዛኛው የሚያሳየው ጉበት ሌሊቱን የለቀቀውን ስኳር ነው። እንጀራው፣ ዳቦው፣ ማካሮኒው ቀን ላይ ምን እንዳደረጉ ሊነግረን አይችልም።

ከገበታ ከተነሡ በኋላ መቁጠር

ከምግብ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚለካው በሁለት ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ሰዓት የሚቆጠረው ደግሞ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ ነው። ምሳው 6፡30 ተጀምሮ፣ እንግዳ መጥቶ፣ ጨዋታው ደርቶ 7፡15 ቢያልቅ መለኪያው ሰዓት 8፡30 እንጂ 9፡15 አይደለም። ስኳር በብዙ ሰው ላይ ከፍ የሚለው መብላት በተጀመረ በአንድና በሁለት ሰዓት መካከል ነው። በግማሽ ሰዓቱ ከለኩ ገና ዳገት ሲወጣ፣ በሦስት ሰዓት ተኩል ከለኩ ቁልቁለቱን ሲወርድ ነው የሚያገኙት።

ነፍሰ ጡር ላልሆነ ለአብዛኛው አዋቂ በዚያ ጊዜ ከ180 በታች መሆን ጥሩ ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ ወይም ስኳራቸው ቶሎ ቶሎ ለሚወርድባቸው ሰዎች ሐኪሙ ከዚህ ላላ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን በዚህ ልክ መሄድ የለባትም፤ የእርሷ በአንድ ሰዓት ከ140፣ በሁለት ሰዓት ከ120 በታች ነው። ከባለቤታቸው ጋር በአንድ መለኪያ የሚጠቀሙ ባሎች የራሳቸውን 175 አይተው «አንቺም ደህና ነሽ» እንዳይሉ። በነገራችን ላይ መለኪያውን ቢጋሩም መውጊያውን መጋራት ፈጽሞ አይገባም፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ አለ።

ቡናውን መርሳት

የእኛ ቤት ዋናው ስህተት ይህ ነው። ምሳ ተነሣ፣ ረከቦቱ ቀረበ፣ ቡናው ተቆላ። አቦል ሲቀዳ ከምሳው አንድ ሰዓት አልፏል። ሁለት ማንኪያ ስኳር። የቡና ቁርሱ ፈንዲሻ ወይም አምባሻ ነው፤ እምቢ ማለት ያስቀይማል። ቶናው ሲደገም ሌላ ሁለት ማንኪያ። ከዚያ ሁለተኛው ሰዓት ሞላ ተብሎ ጣት ይወጋል፣ 260 ይመጣል፣ ሰውየውም «ሽሮ አልተስማማኝም» ብሎ ሽሮን ይተዋል! የለካው እኮ ቡናውን ነው። ምሳውን መለካት ከተፈለገ እስኪለካ ድረስ ቡናው መራራ ይሁን፤ ቁርሱም ይቆይ። ማርም ስኳር ነው፤ «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ጉርሻም እንዲሁ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው መምጣቱ አይቀርምና ከሌላው እንጀራ ጋር አብሮ ይቆጠር።

እጅ ሳይታጠቡ መውጋት

ባለፈው ክረምት ማንጎ ልጬ ለልጆቹ ከሰጠሁ በኋላ ጣቴን በሶፍት ጠርጌ ለካሁ፤ 263። ደነገጥኩ። በሳሙና ታጥቤ፣ በደንብ አድርቄ ሌላ ጣት ስወጋ 151 ሆነ። ማንጎዋን አልቀመስኳትም፤ ጣቴ ላይ ነበረች። የምንበላው በእጃችን ነውና ነገሩ ለእኛ ይብሳል። አልኮል የነካው ጣት ሳይደርቅ አይወጋ። የጣት ጎን ከመሐሉ ያነሰ ያማል። ደሙ እምቢ ሲል አጥብቆ መጭመቅም ውጤቱን ያበላሻል፤ እጅን ዝቅ አድርጎ ማራገፍ ይሻላል።

የበፊቱን ሳይለኩ የኋላውን ማመን

ምሳ ሳይበላ 175 የነበረ ሰው ከበላ በኋላ 195 ቢሆን ጥፋቱ የምሳው አይደለም፤ ስኳሩ ቀድሞም ከፍ ብሏል። 105 ተነሥቶ 215 የደረሰው ግን ገበታውን ይመርምር። ደሙ የሚነካበት፣ መለኪያው ውስጥ የሚገባው ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በየምግቡ ለክቶ የሚዘልቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ እኔ በሳምንት አንድ ምግብ እመርጥና ከመብላቴ በፊትና በኋላ እለካለሁ። ይህ ሳምንት በሁለት እንጀራ፣ የሚቀጥለው ያንኑ ወጥ በአንድ እንጀራ። ደብተሬ ላይ እንዲህ ይጻፋል፦ «ምሳ፣ ምስር፣ አንድ እንጀራ፤ በፊት 108፣ በሁለት ሰዓት 162፣ ቡና ያለ ስኳር።» ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ከጻፉ «ከቀኑ» ማለትን አይርሱ። መለኪያው በራሱ አቆጣጠር 14፡30 ሲል እርስዎ 8፡30 ብለው ጽፈው ከሆነ፣ የሚያየው ባለሙያ ቁርስ ሊመስለው ይችላል።

የበዓል ቀን ግን ሁለት ሰዓቱ ያታልላል። ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ ከጨጓራ ቶሎ ስለማይወጣ ስኳሩ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። በሁለት ሰዓት 150 አይተው የተዝናኑ ሰዎች በአራተኛው ሰዓት ቢለኩ ይገረማሉ።

ቁጥሩን አይቶ ኢንሱሊን መደረብ

ይህ ከሁሉም ይከፋል። ከምግብ በፊት የሚወጋው መደበኛው ኢንሱሊን ጉልበቱ የሚበረታው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያም በኋላ ለሰዓታት ይሠራል። በሁለተኛው ሰዓት 240 አይቶ በራስ ፈቃድ ሌላ መውጋት ገና ሥራውን ባልጨረሰው ላይ መደረብ ነው፤ ስኳሩ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። ተደጋግሞ ከፍ ካለ ደብተሩን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ላብ ካጠመቀዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይሙላ ብለው አይጠብቁ፤ ወዲያው ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ራሱን ለሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይፈስም፤ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ መለኪያ የላከልዎት ከሆነ ሌላ መደናገሪያ አለ። የእኛ ቁጥር በmg/dL ነው፤ ከእንግሊዝ የመጣው ግን በሌላ መስፈሪያ (mmol/L) ስለሚቆጥር 9.8 ሲል «ዐሥር እንኳ አልሞላም!» ብለው ደስ አይበልዎት፤ በ18 ሲያባዙት 176 ነው። ከመላኩም በፊት ስትሪፑ እዚህ ይገኝ እንደሆነ ፋርማሲ ይጠይቁ፤ የእኔ የመጀመሪያው መለኪያ አምሳዋ ስትሪፕ ካለቀች ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ነው።